የውሰት ጓዳ

ሞላልኝ ሃምሳ ፓውንድ ሩዝ የያዘውን ጆንያ ተሸክሞ ከኪራይ ዕቃ ማከማቻው፣ ከስቶሬጁ፣ ሲወጣ ልጁ ናኦሚ በመኪናው የኋላ ወንበር ላይ ተቀምጣ ቺፕስ ትበላ ነበር። ቁርሷ መሆኑ ነው። የአሥር ዓመት ልጅ በቅዳሜ ጠዋት ከነፒጃማዋ ቀስቅሶ ያመጣት አባቷ፣ ከነዳጅ ማደያው ትልቁን ቺፕስ ስለገዛላት ውለታ የዋለላት ይመስለዋል።

«ዳዲ፣ ይሄ ሁሉ ለማነው?»

«ለእኛ።»

«እኛ እኮ ሁለት ነን። ማለቴ... ማን ይበላል?»

«አንቺ ዝም ብለሽ ብዪ።»

ጆንያውን ትራንኩ ውስጥ ጥሎ ተመለሰ። ከዚያ ሁለት ካርቶን ዘይት አወጣ፤ ግማሽ ጆንያ ምስር፣ አንድ ካርቶን ፓስታና የቀለም ቆርቆሮ የሚያካክሉ ስድስት የቲማቲም ጣሳዎችም አስከትሎ ስቶሬጁን ባዶ አደረገው። ሁሉም ላይ በጥቁር ማርከር «እድር» ተብሎ ተጽፏል። ዕቃው ሌክ ሃይላንድስ በሚባለው ሰፈርና በአካባቢው የሚኖሩ ሁለት መቶ ያህል ቤተሰቦች በየወሩ እያዋጡ ያስቀመጡት ነው፤ ከአባላቱ አንዱ ሐዘን ሲደርስበት ለለቀስተኛ የሚበስለው ከዚህ ነው። ሞላልኝ የእድሩ ንብረት ክፍል ኃላፊ ነው። ኃላፊነቱ አንድ ቁልፍ መያዝ ብቻ ሲሆን፣ ስለ ሥራው ሲያወራ የሰማው ሰው ግን ወደብ የሚያስተዳድር ይመስለዋል።

ሌብነት አይደለም። ይህን ከጠዋት ጀምሮ ለራሱ ሦስት ጊዜ ነግሮታል። ለአንድ ከሰዓት በኋላ መዋስ ነው፤ እሑድ ጠዋት ሁሉም ወደ ቦታው ይመለሳል፣ ማንም አያውቅም።

የተዋሰው ለአንዲት ሴት ዓይን ነው። በስምንት ሰዓት ሚስ ፓተርሰን የምትባል ሴት ቤቱን ለማየት ትመጣለች። ናኦሚ ከእናቷ ጋር ብቻ ትኑር ወይስ ግማሹን ሳምንት አባቷ ጋ ትሁን የሚለውን ዳኛው የሚወስነው እሷ የምትጽፈውን ሪፖርት አይቶ ነው። በስልክ «የልጅቷን ክፍል፣ መታጠቢያ ቤቱንና ኩሽናውን አያለሁ፤ ምን እንደምትበላም ማወቅ እፈልጋለሁ» ብላዋለች። ሞላልኝ ስልኩን ዘግቶ ሳቀ። የሰው ጓዳ የሚያስቆጥር ፍርድ ቤት!

ቆጠራ ከሆነ ደግሞ የእሱ ሙያ ነው። አዲስ አበባ እያለ በአንድ የመንግሥት ድርጅት አሥራ አንድ ዓመት ንብረት ተቆጣጣሪ ነበር። የዓመቱ ቆጠራ ሲደርስ ዕቃ የጎደለበት ግምጃ ቤት ከጎረቤቱ ግምጃ ቤት ይዋሳል። ቆጣሪው መጥቶ ያያል፣ ይፈርማል፣ ምሳ ይጋበዛል፤ በማግስቱ ዕቃው ወደ ባለቤቱ ይመለሳል። ሞላልኝ ሲፈርምም ሲያስፈርምም ኖሯል። ከዚያ ሁሉ ዓመት የቀረለት ትምህርት፣ ቆጣሪ የሚያየው መደርደሪያውን ብቻ ነው የሚል ነው። አሁን ፎርት ዎርዝ በሚገኝ መጋዘን ፎርክሊፍት ይነዳል፤ እዚያም የሚፈለገው ጉልበቱ እንጂ ይህን ትምህርቱን የጠየቀው የለም።

ሞላልኝ ሰው ይንቃል። የሚያዘውን የሃያ ስድስት ዓመት ሱፐርቫይዘር ይንቃል፤ ሎተሪ ደርሷቸው አምና የመጡትን ይንቃል፤ ሃያ ዓመት የቆዩትንም «ምን ሠሩ?» እያለ ይንቃል። ሚስ ፓተርሰንን በድምፅዋ ብቻ ናቃት። ከሁሉም በላይ የናቀው ግን የቀድሞ ሚስቱን የእናትነሽን ጓዳ ነበር።

እናትነሽ የነርስ ረዳት ናት፤ አሁን የምትኖረው ፕሌኖ ነው። አብረው ሳሉ እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ አንድ ትልቅ ድስት ሽንኩርት አቁላልታ በትንንሽ ዕቃ እየከፋፈለች ፍሪዘር ውስጥ ትደረድር ነበር። ጓዳዋ ውስጥ ሽሮ፣ ክክ፣ ሩዝ፣ ፓስታ፣ የታሸገ ሽምብራ፣ ቱና፣ ከሁሉም በትንሽ በትንሹ አይጠፋም። ያለቀውን በሩ ላይ በለጠፈችው ወረቀት ትጽፋለች። ማታ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ከሥራ ትገባለች፤ አሥራ ሁለት ተኩል ላይ ራት ቀርቧል። አስማት የለበትም፤ ያሰበ ሰው ሥራ ነው። ሞላልኝ ሶፋው ላይ ተጋድሞ «ሱቅ ልትከፍቺ ነው እንዴ?» እያለ ይስቅባት ነበር። በረዶ የሆነ ሽንኩርት ምግብ አይደለም ባይ ነው። ያንኑ ምግብ ያልሆነ ነገር ሰባት ዓመት ሙሉ ሁለት ሁለት ጊዜ እያስጨመረ በላ።

እሱ ራሱ ከተለያዩ ወዲህ የአፓርትመንቱን ጓዳ የተጠቀመበት ለቫኪዩም ማጽጃ፣ ለሁለት ባዶ ሻንጣና ለቴሌቪዥኑ ካርቶን ነው። ናኦሚ በየሁለት ሳምንቱ ስትመጣ ዓርብ የዶሮ ክንፍ፣ ቅዳሜ ፒዛ ይታዘዛል፤ እሑድ የተረፈው ይበላል። ቤት እንደደረሱ ቫኪዩሙንና ሻንጣዎቹን መኝታ ቤቱ ውስጥ ወርውሮ መደርደር ጀመረ። እዚህ ሥራ ላይ እውነትም የሚወጣለት አልነበረም። ጆንያዎቹን ከታች፣ ዘይቱን መሐል፣ ጣሳዎቹን ከላይ አደረገ። የፓስታውን ካርቶን ቀዶ ፓኬቶቹን ፊት ለፊት አቆማቸውና ባዶውን ካርቶን ከኋላ ደገፈው፤ ጓዳው እስከ ግድግዳው ድረስ የሞላ መሰለ።

ናኦሚ ጣሳ እያቀበለችው ነው።

«ማሚ ቤት ጣሳው ትንሽ ነው» አለች። «እኔ ራሴ እከፍታለሁ። ባለፈው ፓስታና ሽምብራ ብቻዬን ሠራሁ።»

«እህ።»

«ማሚ ጨው በዛ አለች ግን በላች።»

ሞላልኝ አልሰማትም። ወደ ኋላ ራቅ ብሎ መደርደሪያውን እንደ ቆጣሪ ያይ ነበር። ልጅቷ በእጇ የያዘችውን ጣሳ አገላበጠችው። ሰንበት ትምህርት ቤት ፊደል ቆጥራለች።

«እ... ድ... ር። ዳዲ፣ እድር ሰው ሲሞት ነው አይደል?»

«ይሄ ሌላ ነው።»

«ማን ሞተ?»

«ማንም አልሞተም! ጽሑፉን ወደ ግድግዳው አዙሪውና አስቀምጪው።»

አዙራ አስቀመጠችው።

ስድስት ሰዓት ተኩል ላይ ስልኩ ጮኸ። እትዬ አባይነሽ ናቸው። የእድሩ ወጥ ቤት በእሳቸው እጅ ነው፤ ሐዘን በደረሰበት ቤት ሁሉ ቀድመው የሚገቡት፣ መጨረሻ ላይ ድስት አጥበው የሚወጡት እሳቸው ናቸው።

«ሞላልኝ፣ የት ነህ?»

«ሥራ ላይ ነኝ እትዬ። ኦቨርታይም። ፎርት ዎርዝ ነኝ።»

«የአሻግሬ አባት ዐረፉ። ቤቱ ከአሁኑ ሰው ሞልቷል። ቁልፉን የሚቀበልህ ሰው የት ልላክ?»

ሞላልኝ ጓዳውን አየ። የአሻግሬ አባት ለመሞት ከቀን ሁሉ ዛሬን መምረጣቸው አናደደው።

«ሶ... እኔው ራሴ አመጣዋለሁ እትዬ። አሥራ አንድ ሰዓት ላይ።»

«ለቀስተኛው እስከ አሥራ አንድ ሰዓት ምን ይቅመስ?»

«ምን ላድርግ እትዬ? አለቃዬ አይለቀኝም።»

«ኦኬ፣ ተወው። እንድሪያስ ሌላ ቁልፍ አለው፤ እሱን ይዤ እሄዳለሁ።»

ዘጉት። እንድሪያስ የእድሩ ሊቀ መንበር ነው። ሞላልኝ ቁልፉ በዓለም ላይ አንድ ብቻ ይመስለው ነበርና ወንበር ስቦ ተቀመጠ። ትንሽ ልብ ያለው ሰው ቢሆን እዚያው ደውሎ «እኔ ጋ ነው፣ ኑ ውሰዱት» ይል ነበር። ወይም ዕቃውን መልሶ ጭኖ ለቅሶ ቤት ያደርሰው ነበር፤ መንገዱ አሥር ደቂቃ አይፈጅም። ሞላልኝ ግን ስሌት ሠራ። እትዬ አባይነሽ እንድሪያስን እስኪያገኙ፣ ስቶሬጁ ድረስ እስኪሄዱ፣ ባዶ መሆኑን አይተው እስኪጮኹ ሴትየዋ መጥታ ትሄዳለች። ስልኩን አጠፋውና ናኦሚን ልብስ እንድትቀይር አዘዛት።

ሚስ ፓተርሰን ልክ በስምንት ሰዓት ደረሰች። ፀጉሯ የሸበተ፣ ስፖርት ጫማ ያደረገች፣ ወፈር ያለች ሴት ናት። የናኦሚን ክፍል አየች፤ የአልጋ ልብሱ ትናንት የተገዛ መሆኑን የማጠፊያው መስመር ይናገራል። መታጠቢያ ቤቱን አየች። ከዚያ ሞላልኝ ወደ ኩሽናው መራትና የጓዳውን በር መጋረጃ እንደሚገልጥ ሰው ከፈተው።

ሴትየዋ ለረጅም ጊዜ አየች።

«ብዙ ነው» አለች።

«ልጄ ምንም እንዲጎድልባት አልፈልግም።»

«ከዚህ ውስጥ ትናንት ምን በላችሁ?»

«ሩዝ።»

ሚስ ፓተርሰን ጎንበስ ብላ የሩዙን ጆንያ ነካች። አፉ ከፋብሪካ እንደወጣ እንደተሰፋ ነው።

«ይሄ አልተከፈተም።»

«የፊተኛው አልቆ ነው።»

«ቲማቲሙስ? አንዱን ጣሳ ስትከፍቱ ለሁለት ሰው አይበዛም?»

«የተረፈውን በትንንሽ ዕቃ ከፋፍለን ፍሪዘር ውስጥ እናስቀምጣለን» አለ ሞላልኝ። የእናትነሽ ዘዴ ከአፉ ሲወጣ ቅንጣት አላፈረም። ሴትየዋ ፍሪዘሩን ከፈተች። አንድ ከረጢት በረዶ ነበር።

«ጨው የት ነው የምታስቀምጡት?» ስትል ጠየቀች። ለመክሰስ የጠየቀች አትመስልም፤ ድምፅዋ የለሰለሰ ነበር።

ሞላልኝ አንዱን ቁም ሳጥን ከፈተ፤ ብርጭቆ ነው። ሌላውን ከፈተ፤ መድኃኒት ነው። ስለ ጨው አላሰበም። አሥራ አንድ ዓመት ዕቃ ሲያስቆጥር የኖረ ሰው፣ ወጥ ጨው እንደሚገባበት በሃምሳ ዓመቱ ደጃፍ ላይ ገና ሊያውቅ ነው። ናኦሚ ከማንኪያው መሳቢያ ውስጥ ከዶሮ ክንፉ ጋር የመጡ፣ በትንንሽ ወረቀት የታሸጉ ጨዎች አውጥታ ሴትየዋ ፊት ጠረጴዛው ላይ ዘረገፈቻቸው።

«ይኸው» አለች። «ብዙ አለን።»

በሩ ተንኳኳ፤ ከዚያ ማንም ሳይከፍተው ተከፈተ። እትዬ አባይነሽ ጥቁር ለብሰው፣ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ገቡ። ከኋላቸው እንድሪያስ ባለጎማ ጋሪ ይገፋል።

«ፎርት ዎርዝ ነኝ አላልክም? መኪናህ ደጅ ቆሟል።»

«እትዬ፣ እባክዎ፣ እንግዳ አለብኝ።»

«እኔም መቶ እንግዳ አለብኝ።»

እትዬ አባይነሽ ማንንም ሳይጠይቁ ኩሽናው ውስጥ ገብተው ክፍቱ ጓዳ ፊት ቆሙ። ከላይ እስከ ታች አዩት። አንዱን ጣሳ አዞሩና ጽሑፉን አንብበው ለእንድሪያስ አቀበሉት።

«ስቶሬጁን ከፍተን ባዶ ሆኖ ስናገኘው ሌባ ገባ ብለን ፖሊስ ኮል ልናደርግ ነበር» አሉ። «ቁልፍ ያለን ሁለት ሰዎች ነን ብሎ እንድሪያስ ነው የከለከለኝ። አይ ሞላልኝ! ለቀስተኛ የሚበላውን ደርድረህ ነው ልጅ የምታሳድገው? ሽንኩርት እንኳ የለህም እኮ። አንድ ራስ ሽንኩርት!»

እንድሪያስ ሩዙን ጋሪው ላይ ጭኖ ወጣ። ሚስ ፓተርሰን በሦስቱም ፊት ላይ ዓይኗን አዟዟረች።

«ምን እየሆነ ነው?» አለች።

ሞላልኝ መጋዘኑ ውስጥ ለመግባባት የሚቸገርበት እንግሊዝኛ ሲዋሽ አይቸግረውም። «የመረዳጃ ማኅበር ሰዎች ናቸው» አላት። «ሰው ሞቶባቸዋል። ምግቡን እየሰጠኋቸው ነው። በባህላችን እንዲህ ነው የምንረዳዳው።»

«ሁሉንም?»

«ሁሉንም።»

የሴትየዋ ፊት ቤቱ ከገባች ጀምሮ ለመጀመሪያ ጊዜ ፈታ አለ። ማስታወሻዋን ገልጣ ብዕሯን አወጣች። ለሁለተኛ ጭነት የተመለሰው እንድሪያስ የተባለውን ሰምቷል፤ ሞላልኝን ጫማው ላይ እንደተጣበቀ ነገር አየውና ምስሩን አንሥቶ ወጣ። ለመናገርም ተጠይፎታል። እትዬ አባይነሽ እንግሊዝኛ ስለማያውቁ የዘይቱን ጋሎኖች ከካርቶኑ እያወጡ ይቆጥሩ ነበር።

ሞላልኝ ማምለጡ ገባው። እንዲያውም ከማምለጥም አልፏል፤ ባዶ የሆነው ጓዳ ከሞላው ጓዳ ይበልጥ ሊያስመሰግነው ነው። ነገሩ አስደሰተው። እውነቱን ለመናገር ደስታው ፊቱ ላይ ይታይ ነበር።

ሚስ ፓተርሰን ወደ ልጅቷ ዞረች። «ናኦሚ፣ አባትሽ ምግቡን ለሰዎቹ እየሰጠ ነው?»

ናኦሚ አባቷን አየችው። ሞላልኝ በቅንድቡ ብቻ ምልክት ሰጣት።

«አዎ» አለች። ከዚያ ፈገግ ብላ ጨመረችበት። «ሁልጊዜ ይሰጣል።»

ይህን ሁለተኛውን ማንም አላዘዛትም። ከራሷ ነው ያመጣችው፤ እንዲያምርለት ብላ ነው። ሞላልኝ ያንን ፈገግታ ያውቀዋል። በውሰት ዕቃ ፊት ቆመው «ሁሉም ተሟልቷል፣ እንዲያውም ተርፏል» የሚሉ ወጣት ግምጃ ቤት ጠባቂዎች እንዲህ ነበር ፈገግ የሚሉት። እሱ ያዛቸው ነበር፤ እነሱም ካዘዛቸው በላይ ጨምረው ይዋሹለት ነበር። እሱ ደግሞ ይንቃቸው ነበር። ምሳ ላይ ሲቀመጥ ከአለቆቹ ጋር ይስቅባቸው ነበር፤ ለሰው ብሎ የሚዋሽ ሰው ምን ዋጋ አለው ይል ነበር።

አሁን ያንን ንቀት ለልጁ ፈለገና አጣው። በቦታው የመጣበት እፍረት ነው። እዚያ የቆመችው የአሥር ዓመት ልጅ ናት፤ ጣሳውን አንብባዋለች፤ የማን እንደሆነ ታውቃለች። ሚስ ፓተርሰን ብዕሯን ወረቀቱ ላይ አሳርፋ መጻፍ ጀምራ ነበር።

«ይቆዩ» አላት። «እሷ ያለችውን አይጻፉት።»

«ለምን?»

«ውሸቱ የእኔ ነው። ምግቡ የእነሱ ነው። እርስዎ እንዲያዩልኝ ዛሬ ጠዋት ነው ያመጣሁት። ሳልጠይቃቸው።»

«ዳዲ!» አለች ናኦሚ።

«አንቺ ምንም አላጠፋሽም» አላት በአማርኛ። ከዚያ ሴትየዋ እንድትሰማው በእንግሊዝኛ ደገመው።

ሚስ ፓተርሰን አልተቆጣችም፤ አላመሰገነችውምም። የጻፈችውን አንድ መስመር ሰረዘች። እትዬ አባይነሽ የመጨረሻውን ጋሎን እንደያዙ ቆመው ነበር።

«ምን አልካት?»

«እውነቱን ነገርኳት እትዬ።»

«እኔ አጠገብህ ቆሜ መዋሸትህን እንኳ አላወቅሁም» አሉ። «ቁልፉን አምጣ።»

ሰጣቸው። እትዬ አባይነሽ ጋሎኑን በግራ እጃቸው ይዘው በቀኛቸው የናኦሚን ራስ ዳሰሱና ወጡ፤ በሩን እንድሪያስ ዘጋው። ጓዳው ውስጥ ከፓስታው የተረፈ ባዶ ካርቶን ግድግዳውን ተደግፎ ቀርቷል። ናኦሚ ጠረጴዛው ላይ የተበተነውን የወረቀት ጨው አንድ በአንድ ታስተካክላለች፤ አባቷን አታየውም።

ሚስ ፓተርሰን ወንበር ስባ ተቀመጠች።

«እሺ» አለች። «ዛሬ ማታ ናኦሚ ምን ትበላለች?»

ሞላልኝ አፉን ከፈተ። ብዙ መልስ ነበረው። ዶሮ በሩዝ ማለት ይችላል፤ ሾርባ ማለት ይችላል፤ እንቁላል አለ ማለት ይችላል፤ ማቀዝቀዣውን የከፈተው የለም። ልጁን አየ። እሷም አሁን ቀና ብላ ታየው ነበር፤ ምን እንደሚል ሰምታ እሷም ያንኑ ልትል ተዘጋጅታለች።

«አላውቅም» አለ።

ሚስ ፓተርሰን ብዕሯን አላንቀሳቀሰችም፤ ሌላ የሚጨምረው ነገር ካለ ብላ ጠበቀችው።

«ይጻፉት» አላት።